ዝም ያለው ሣጥንና ያልፈታሁት አደራ

ሣጥኔ በጎማው መንገድ ላይ ተንሸራቶ ጥቁሩ መጋረጃ ውስጥ ገባ። ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ነው፣ የአየር ጭነት መጋዘኑ ውስጥ። እንደ ሁልጊዜው አንገቴን አስግጌ በፍተሻው ማሽን መስኮት ላይ ብረቶቼን ለማየት ጠበቅሁ። ሁሉም ሰማያዊ ሆነው ወጡ። ብሎኖቹ፣ ሞላዎቹ፣ የክር ማጠንጠኛዎቹ፣ ጨርቅ የሚጎትቱት ጥርሶች፣ ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ያንቀላፉ ትንንሽ ዓሦች ይመስላሉ። ያን ማየት እወድ ነበር። በእጄ አጥቤ በእጄ ጠቅልዬ የምሸኛቸው ነገሮች ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ የሚሰናበቱኝ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ግን በዓሦቹ መካከል አንዲት ክብ ነገር ተኝታለች። ሰማያዊ አይደለችም። ጭጋግ ውስጥ እንዳለች ጨረቃ ደብዘዝ ያለች፣ ብርቱካንማ ነገር ናት።

የጎማው መንገድ ቆመ።

«ማማ፣ ሂ ኒ ኒኒ?» አለችኝ ኦፊሰሯ፣ ጣቷን መስኮቱ ላይ አድርጋ። ይሄ ምንድነው ማለቷ ነው።

ምን እንደሆነ አላውቅም። ማን እንደሰጠኝ ግን አውቃለሁ። ሌላም ነገር አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ፊርማ የእኔ አይደለም፣ የአሠሪዬ የጋሽ ሀብተአብ ነው። እሳቸው ደግሞ ያቺ ክብ ነገር ሣጥኑ ውስጥ መኖሯን አልሰሙም፣ አላዩም። እኔ ዕውነቱን ብናገር ኬንያ የምኖርባትን አንዲት የስደተኛ ወረቀት ይነጥቁኛል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ሰላም ከትምህርት ቤት ተመልሳ ካሳራኒ ሰፈር የቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፣ እኔም አልመጣም። ባልናገር ደግሞ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው። ይሄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጣብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አደጋ ሲመጣ ጮሆ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ያኔ ግን የተሰማኝ ነገር ቢኖር የማሽኑ ዝም ማለት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ሥራ ከተውኩ በኋላ ነው። ዓይኔ ቀጭን ሞላን ከክር መለየት ሲያቅተው፣ ጋሽ ሀብተአብም ሱቃቸውን ሲዘጉ ተውኩት። አሁን ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ስቀመጥ እጄ ራሱ ሥራ ይፈልጋል፤ ጣቶቼ ባዶውን አየር ሲጠቀልሉ እይዛቸዋለሁ። ሰላም አይታኝ ሳቀችብኝ።

«ማም፣ ጻፊው» አለችኝ። «ስንት ዓመት ብሎን ስትስዪ ኖረሽ ፊደል ያቅትሻል? ሲ ንጉሙ፣ ከባድ አይደለም።»

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ፊደሌ ዘመም ይላል። እንግዲህ እንደ አመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ናይሮቢ እንደገባሁ መጀመሪያ የያዝሁት ሥራ ልጅ ማሳደግ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ባልና ሚስት ኢትዮጵያውያን ቤት። ደጎች ነበሩ። ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ ሻንጣቸውን አስሬ ሸኘኋቸው፣ ልጃቸው መኪናው ውስጥ ሆኖ በመስኮት ሲያየኝ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ቀጥሎ ፓርክላንድስ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጠብሁ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስሜን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላወቀውም። «አንቺ» ሲል አስር ሴቶች ዞር እንል ነበር።

ከምግብ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። በሯ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ አቀርቅረው የስፌት መኪና ይፈታሉ። አንድ ቀን ለዕረፍት ስወጣ ሽማግሌው መሬት ላይ በአራት እግራቸው ሆነው አየኋቸው፤ ከጣታቸው አንዲት ሞላ አምልጣ መንገድ ላይ ተስፈንጥራለች። የጤፍ አገዳ የምታህል ሞላ ናት። ሰው ይረግጣል፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ያልፋል፣ እሳቸው በአማርኛ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። አማርኛውን ስሰማ ሮጬ ተንበረከክሁ። በዓይኔ አልፈለግኋትም፤ መዳፌን አስፋልቱ ላይ ዘርግቼ ቀስ አድርጌ ዳበስሁ። እንደ አሸዋ ቅንጣት ስትወጋኝ ያዝኋት።

«እንዴት አገኘሻት?»

«እጄ ነው ያገኛት» አልኋቸው።

ሞላዋን ከመዳፌ አነሡ። «ነገ ሰሃኑን ተይውና እኔ ዘንድ ነይ» አሉኝ።

ጋሽ ሀብተአብ የአስመራ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ መጥተው የስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ደስ ሲላቸው ወይም ሲከፋቸው ግን ትግርኛው ያመልጣቸዋል። እኔን «ጓለይ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ እንደማለት። ስፈራ ደግሞ «ኣጆኺ» ይሉኛል፣ አይዞሽ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። የፓርክላንድስ ልብስ ሰፊዎች የድሮዎቹን በእግር የሚረገጡ መኪናዎች በኤሌክትሪክ እየለወጡ ሲጥሏቸው ጋሽ ሀብተአብ ይገዟቸዋል። ጠግነው አይሸጧቸውም። ይፈቷቸዋል። ባሕር ማዶ እንዲህ ያሉ መኪናዎችን እንደ ልጅ የሚያቆነጁ ሰዎች አሉ፤ አንዲት ብሎን ስትጎድላቸው እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጋሽ ሀብተአብ በሳምንት ሁለት ቀን ኢንተርኔት ቤት ይሄዱና ያለንን ያስታውቃሉ፣ የመጣውን ደብዳቤ በወረቀት አስወጥተው ይመለሳሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያነቡልኛል።

ያን ሰዓት እወደው ነበር። ሐምሌ ላይ ናይሮቢ ትቀዘቅዛለች፤ ጭጋጉ ሱቁ በር ድረስ ይመጣል። እኔ ብረት እየወለወልሁ እሳቸው ያነባሉ። አንዱ ጀርመን አገር ገጠር የሚኖር የጡረታ አስተማሪ ነው። አንዱ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ነው። ካናዳ፣ ቶሮንቶ የምትባል ከተማ ውስጥ ማርጋሬት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ብሎን በገዛች ቁጥር የጠገነችውን መኪና ፎቶ ትልክልናለች፣ መኪናው መስኮት አጠገብ፣ ከመስኮቱ ውጭ በረዶ። እኔ ከዚያ መስኮት ውጭ ያለውን ነጭ ነገር እያየሁ ደንዝዤ እቀመጣለሁ። ያጠብኳት ብሎን እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጣ በረዶ እያየች ነው እላለሁ።

«ይቺን ብሎን እያት» ይሉኛል ጋሽ ሀብተአብ፣ ጣታቸው ጫፍ ላይ አድርገው። «ማንም ወዴት ነሽ አይላትም፣ ቪዛ አትጠየቅም፣ ሰልፍ አትቆምም። ትሄዳለች።»

«ታዲያ እኔንም ጠቅልለው ይላኩኝ።»

«አንቺ ከብደሽ! ማን ይከፍልልሻል?» ብለው እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ውስጥ ዶላር ሸጉጠው የሚልኩ ነበሩ። አንድ ጊዜ ቆንጆ ቼክ መጣልን፣ ዕቃውን ላክን፣ ቼኩ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሞቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሀብተአብ «ወረቀት ወረቀት ነው፤ ባንክ ያለችው ልጅ በአፏ ገብቷል ትበልሽ» አሉ። እኔ ባንክ እሄዳለሁ፣ ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ «ኢሜኢንጊያ» ትለኛለች፣ ገብቷል። ያኔ ብቻ ሣጥን ይነሣል።

ሣጥን ማሸግ ግን እንዲህ በአንድ ቃል አያልቅም።

መጀመሪያ ብረቶቹ ላምባ ውስጥ ያድራሉ። ጠዋት በጥርስ ብሩሽ አሻቸዋለሁ፣ በተለይ ጨርቅ የሚጎትቱትን ጥርሶች፤ በየጥርሱ መሐል የሠላሳ ዓመት ብናኝ ክር ተጨምቆ ይገኛል። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አንዳንዴ የወርቅ ዘሃ። የማን ቀሚስ ይሆን እላለሁ። ከዚያ ቆርቆሮ ትሪ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዚያ ዘይት፤ አንዲት ጠብታ፣ በጨርቅ ተጠርጎ የማይታይ እስኪሆን። ሞላዎች ክብሪት ቤት ውስጥ ይገባሉ፣ ከጥጥ ጋር። ለክር ማጠንጠኛዎች የፎቶ ፊልም የሚመጣባቸውን ጥቁር ትንንሽ ዕቃዎች ከፎቶ ቤት እለምናለሁ፤ ያኔ ሰው ፊልም መተው ጀምሮ ስለነበር በፌስታል ይሰጡኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደብተሩ አለ። እኔ እንግሊዝኛ መጻፍ ስለማልችል ጋሽ ሀብተአብ ያመጡት ዘዴ ነው። እያንዳንዱን ብረት ባዶ ገጽ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ እከበዋለሁ። ገጹ ላይ ልክ መጠኑ ይቀራል። ከጎኑ ክብደቱን፣ ለማን እንደሚሄድ በራሴ ፊደል እጽፋለሁ። «ያልተከበበ ነገር ሣጥን ውስጥ አይገባም» ይላሉ። «የማላውቀውን ዕቃ አልዘጋበትም።» በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ የጥላ ደብተር ይመስላል፤ የሄዱ ነገሮች ጥላ።

መጨረሻ ላይ ሣጥኑን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ጆሯቸው ሥር ያወዛውዙታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትንሽ ኳ ካለ፣ ፈትተን እንደገና። «እያወራ ነው» ይላሉ። «የሚያወራ ሣጥን መንገድ ላይ ይሰበራል። ዝም ሲል ይሂድ።» እኔም ለመድሁ። አሁን እንኳ የዱቄት ካርቶን ሳነሣ ጆሮዬ ሥር አወዛውዛለሁ።

በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ማርጋሬት ትልቁን ትዕዛዝ አዘዘች፤ የሦስት መኪና ሙሉ ብረት፣ ለፖስታ የሚከብድ። በአየር ጭነት ይሂድ ተባለ። ገንዘቡም ገባ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሀብተአብን ትኩሳት ጣላቸው። ወረቀቶቹን ሁሉ አልጋቸው ላይ ሆነው ፈርመው ሰጡኝ።

«አንቺ እሸጊው» አሉ። «እጅሽን አምነዋለሁ።»

እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እትዬ አስካለ ያዙኝ። እትዬ አስካለ ካሳራኒ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ እኔ ሥራ ስውል ሰላምን ስንት ቀን አብልተውልኛል። አንድ ልጃቸው ቶሮንቶ ናት፣ ልታገባ ነው። ከቀሚሳቸው ሥር በነጭ አቡጀዴ የተሰፋች ትንሽ ጥቅል አወጡ።

«ዘኒዬ፣ የእናቴ አምባር ናት። በሞያሌ ስመጣ ቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼ ያመጣኋት። ያቺ የእናንተ ፈረንጅ ያለችበት ከተማ አይደል ልጄ ያለችው? ከብረቶችሽ ጋር ጣል አድርጊልኝ። ልጄ ሄዳ ትቀበላታለች።»

«እሺ እትዬ።»

«አደራ።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ።»

እንዲህ ነው የተባባልነው። ከዚያ በላይ ምን ይባላል? የእኛ ሰው አደራ ሲሰጥ አይፈታም። መፍታት ማለት ዓይን ዓይናቸውን እያዩ «አላምንዎትም» ማለት ነው። ልጄን ያበሉ ሴትዮ ናቸው። ጥቅሏን ጨበጥ አደረግኋት፤ ክብ ናት፣ ደረቅ ናት። ብር መሰለችኝ።

ለጋሽ ሀብተአብ አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው ፍቺው እንደሚሉ አውቃለሁ። ታመዋል፣ ለምን አስጨንቃቸዋለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልሁ።

ሰኞ አሸግሁ። ሁሉንም ብረት አንድ በአንድ ከበብሁ። ጥቅሏ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ፣ ዓመታት የለመደ እጅ ነውና፣ ገጹ ላይ አስቀምጦ ከበባት። ከጎኗ ጻፍሁ፤ «የእትዬ አስካለ አደራ። ለልጃቸው ሠርግ። አልፈታሁትም።» ስልካቸውንም ጻፍሁ፣ ለማርጋሬት ደግሞ የልጃቸውን ስልክ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ አብሬ ከተትሁ። ደብተሩን ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ መለስሁት። ሣጥኑን ጆሮዬ ሥር አወዛወዝሁት።

ዝም አለ።

ማክሰኞ ነው እንግዲህ ማሽኑ የቆመው።

መጋዘኑ ውስጥ ወረቀታችንን የሚያስጨርስልን ኦቲኖ የሚባል ሰው ነበር፤ ቀልደኛ ነው፣ ሁልጊዜ በልጄ ስም እየጠራ «ማማ ሰላም፣ ዛሬ ደግሞ ስንት ኪሎ መርፌ?» ይለኛል። ያን ቀን አልቀለደም።

ኦፊሰሯ ሣጥኑን ከፈተች። ጥቅሏን አወጣች፣ ስፌቷን በምላጭ ቀደደች። ከውስጥ አምባር ወጣች። ብር አይደለችም። ቅቤ የመሰለች ቢጫ ነጭ፣ ውስጧ ቀጫጭን መስመር የተጠላለፈባት፣ ከዕድሜ ብዛት የላመች። ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አላየሁም። ለአንድ አፍታ ፍርሃቴን ረስቼ አየኋት።

«ፔምቤ ያ ንዶቩ» አለች ኦፊሰሯ። የዝሆን ጥርስ። ኬንያ ውስጥ የዝሆን ጥርስ ይዞ መገኘት እስር መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። እትዬ አስካለ ግን እናታቸውን ነበር የሚያውቁት፣ ዝሆን መቼ አስበው።

«ሣጥኑን ማን ነው ያሸገው?»

ባሸግሁት ሣጥን ፊት ቆሜ ነበር። እጄ ገና ዘይት ዘይት ይሸታል።

«ሲጁዊ» አልሁ። አላውቅም።

ኦፊሰሯ ወረቀቱን አየች፣ የስደተኛ መታወቂያዬን ተቀብላ ኪሷ ከተተች፣ ጥግ ላይ ያለ አግዳሚ አሳየችኝ። ኦቲኖ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ።

«ማማ ሰላም፣ አንቺ ተሸካሚ ነሽ። ፊርማው የምዜ ነው፣ የሽማግሌው። ዝም በይ። ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ።»

ለጋሽ ሀብተአብ ስልክ ተደወለ። እኔ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥሁ። ከላይ ባለው መስኮት አውሮፕላኖች አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ድምፃቸው ከሄዱ በኋላ ነው የሚመጣው። ሰላም ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከትምህርት ትወጣለች። በሐሳቤ የቤታችንን ደረጃ አየሁት፣ ሦስተኛው ፎቅ፣ ቦርሳዋ፣ ጉልበቷ ላይ ያለው ጠባሳ። እንቅልፍ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፣ ሁሉ ነገር ላምባ እንደፈሰሰበት ውሃ ቀለም ቀለም ሆኖ ፊቴ ላይ ተንሳፈፈ። በመካከሉ አንዲት ቃል ብቻ ትዞራለች። ሲጁዊ። ሲጁዊ። እስከዚያ ቀን፣ በሰላሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ፣ ካወጣኋቸው ቃላት ሁሉ የማፍርባት እሷ ናት።

ጋሽ ሀብተአብ መጡ። ሹራባቸው ቁልፉ ተዛብቷል፣ ግንባራቸው በትኩሳት ያበራል። ብብታቸው ሥር ከሱቁ መሳቢያ ያነሡትን ደብተር ይዘዋል። አምባሯን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ ወደ ኦፊሰሯ ዞሩ።

«ስሙ የእኔ ነው፣ ፊርማውም የእኔ» አሉ በስዋሂሊ። «ሣጥኑ የእኔ ሣጥን ነው። እሷ የታዘዘችውን ነው ያመጣችው።»

«ያሸጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ብድግ አልሁ። «ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው? ደብተሩን ይክፈቱት!»

ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ አሉኝ፣ «ዝም በይ ጓለይ። ታክሲ ውስጥ አይቼዋለሁ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የትም ብተኛ ያው ነው። አንቺን ልጅ እየጠበቀችሽ ነው።»

አይተውታል። የከበብኋትን አይተው፣ የጻፍሁትን አንብበው፣ ደብተሩን ብብታቸው ሥር ጨብጠው መጡ። ያኔ ውስጤ ያለ አንድ ነገር ኳ አለ። እስከዚያ ዝም ያለው ሣጥን አወራ።

ደብተሩን ከብብታቸው ሳብሁት። እንደ ሕፃን ያዙት፣ አለቀቁም፤ በጉልበት ወሰድሁባቸው። ኦፊሰሯ ፊት ጠረጴዛው ላይ ከፈትሁት።

«ኒ ሚሚ» አልሁ። እኔ ነኝ። «ያሸግሁት እኔ ነኝ። ቅድም ዋሽቻለሁ።»

ስዋሂሊዬ የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ ሕግና ምስክር የሚባለውን ቃል አላውቅም። ስለዚህ በእጄ ተናገርሁ። የተቀደደችውን ጥቅል እንደነበረች አጣጥፌ፣ አምባሯን ውስጧ መልሼ፣ ገጹ ላይ አስቀመጥኋት። በእርሳሱ መስመር ውስጥ ገባች። ስፌቱ እብጥ ያለበት ቦታ እንኳ ልክ ገጠመ። ከዚያ ከሣጥኑ አንዲት ሞላ አንሥቼ ጎኗ ባለው ክብ ላይ አኖርሁ። ከዚያ አንዲት ብሎን። አንድ በአንድ፣ ሁሉም ወደ ጥላው ተመለሰ።

ኦፊሰሯ ደብተሩ ላይ ጎንበስ አለች። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች፣ ወር፣ ዓመት፣ ሌላ ዓመት።

«ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«የእትዬ አስካለ አደራ። አልፈታሁትም።»

«ምነው አልፈታሽውም?»

እንዴት ልንገራት? «በእኛ አገር ነውር ነው» አልኋት።

ራሷን ነቀነቀች። «ኮንትሮባንድ የሚያሻግር ሰው የደበቀውን ደብተር ላይ አይስልም» አለች ለኦቲኖ። ወደ እኔ ዞራ ግን ፊቷን አጠቆረች፤ «ሕጉ ግን ሕግ ነው፣ ማማ። ሴትዮዋን ጥሪያት።»

እትዬ አስካለ ስልኩን ዘግተው ሊጠፉ ይችሉ ነበር። መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ፣ «የእኔ ናት፣ የእናቴ ናት፣ እነዚህ ሰዎች ምን በደሉ» እያሉ መጡ። ቃላችንን ሰጠን። አምባሯ ቀረች። ጋሽ ሀብተአብ ወደ ቤታቸው ይሂዱ ተባለ። መታወቂያዬ ግን አልተመለሰም፤ ፋይሉ እስኪዘጋ በየሳምንቱ እየመጣሽ ፈርሚ አሉኝ።

ማታቱ ስንጠብቅ እትዬ አስካለ እጄን ያዙ።

«ዘኒዬ፣ ፈትተሽ ብታዪያት ኖሮ እኮ አልቀየምሽም ነበር።»

ያ ቃል ከእስር ይልቅ አመመኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አደራ ሲሰጠኝ፣ «ይፍቱልኝና አብረን እንየው» እላለሁ። የሚቀየም ይቀየም። እስከ ዛሬ የተቀየመ የለም፤ እንዲያውም ሰው ዕቃውን ሲፈታ ታሪኩንም አብሮ ይፈታልኛል።

በማግስቱ ለጋሽ ሀብተአብ ተናዘዝሁ። «እርስዎ ሳይመጡ፣ አላውቅም ብዬ ነበር» አልኋቸው። «በእርስዎ ላይ ጥዬው ነበር።»

መነጽራቸውን ወለወሉ። «ብረት መንገድ ላይ ይላላል» አሉ። «ተፈትቶ እንደገና ይጠቀለላል። በይ፣ ያቺን ትሪ አምጪ።» ሌላ ጊዜ አንሥተውትም አያውቁ።

ሣጥኑ አምባሯ ሳትኖር ሄደ። ከዚያ የመጣው ጊዜ ሕልም ይመስለኛል። በየሐሙሱ ኢምባካሲ እሄዳለሁ፣ እፈርማለሁ፣ እመለሳለሁ። በየሐሙሱ ጠዋት ሰላምን ከወትሮው ይልቅ አጥብቄ አቅፋታለሁ። «ማም፣ አነቅሽኝ!» ትላለች። የቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አሰርሁላት፣ የእትዬ አስካለን በር በምሽትም እንድታንኳኳ አስተማርኋት። ለምን እንደሆነ አልነገርኋትም። ደረጃ ላይ የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩን አያለሁ።

አንድ ቀን ከማርጋሬት ፎቶ መጣ። ስልኩ የተጻፈበትን ብጣሽ አግኝታ ለእትዬ አስካለ ልጅ ደውላላታለች። ፎቶው ላይ መኪናው መስኮት አጠገብ ነው፣ ከውጭ በረዶ። ከመኪናው ጎን ሙሽራዋ ቆማለች፣ ማርጋሬት ቀሚሷን እዚያው መኪና ላይ አጥብባላታለች። እጇን መኪናው ላይ አሳርፋለች። ክንዷ ባዶ ነው። እትዬ አስካለ ያን ባዶ ክንድ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ዙሪያውን፣ አምባር እንደሚያጠልቅ ሰው። «ይሁን» አሉ። «አምሮባታል።»

ዝናቡ መጥቶ ሄደ። አንድ ሐሙስ ኦፊሰሯ መዝገቡን አላወጣችም። ከመሳቢያዋ መታወቂያዬን አውጥታ ባንኮኒው ላይ ገፋችልኝ። ሽማግሌውም ሴትዮዋም እኔም በማስጠንቀቂያ ተለቀናል፣ ፋይሉ ተዘግቷል አለች።

«አሁንም ትስያለሽ?» አለችኝ።

«እስላለሁ።»

«ጥሩ። ሁሉንም ሳዪ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ቲካ መንገድ ላይ ማታቱው ተጨናንቆ ቆመ። ሙዚቃው ይደበድባል፣ እኔ አልሰማሁትም። መታወቂያዬን ጡቴ ሥር ይዤ በመስኮት አያለሁ፤ ከዛፎቹ ሐምራዊ አበባ ይረግፋል፣ አስፋልቱ ላይ፣ የመኪና ጣራ ላይ፣ የሰው ትከሻ ላይ። ካሳራኒ ወረድሁ። ደረጃውን ወጣሁ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሰላም በሩ ላይ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«ማም፣ ምነው ታለቅሻለሽ? ኩና ኒኒ?» አለችኝ ደንግጣ። ምን ሆነሻል ማለቷ ነው።

አጠገቧ ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁና ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋት፤ አምባሯን፣ ደብተሩን፣ «አላውቅም» ያልኩትንም ሳልደብቅ። መታወቂያዬን ጉልበቷ ላይ አኖርሁት። እርሳሷን አነሣችና ምንም ሳትል ደብተሯ ላይ ዙሪያውን ከበበችው።

ጋሽ ሀብተአብ ቤታቸው ናቸው። እትዬ አስካለ ከታች ራት እየሠሩ ነው፣ ሽታው ይመጣል። ወረቀቴ በእጄ ነው፣ ልጄ አጠገቤ ናት። ከእንግዲህ የሚፈልገን የለም። ድነናል።